አዘዞ ላይ የቆመው ኢሱዙ፦ አርባ ሁለት ማዳበሪያ ቋንጣና ሁለት መዝገብ

መኪናውን ያስቆመው አሳው አይደለም፤ የኋላ መብራቱ ነው። ነሐሴ 2007 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል፣ ዝናቡ ያካፋል። አዘዞ ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ መብራት የሌለው ኢሱዙ አየና አስቆመ። ቅጣት ጽፎ ሊለቀው ነበር። ሹፌሩ መንጃ ፈቃዱን ይዞ ሲወርድ ግን ሽታው አብሮት ወረደ። ከላይ የተጫነው የደንቢያ ነጭ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትም ይሸታል፣ እሺ፣ ግን ሽንኩርትና የደረቀ አሳ ተደባልቀው ሲመጡ አፍንጫ ያለው ሰው አይሸወድም። ሸራው ተገለጠ። ከሽንኩርቱ ስር አርባ ሁለት ማዳበሪያ ተደርድሯል።

እኔ ያኔ የአሳ ባለሙያ ነበርኩ፣ እዚሁ ጎንደር፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ። በማግስቱ ጠዋት ስልክ ተደወለልኝ። «አንተ ልጅ፣ አሳ አይደል የተማርከው? ና እስቲ ይሄ ምን እንደሆነ ንገረን» አለኝ መርማሪው። ሳጅን ነው፣ ጡረታው የቀረበ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። ከዚያች ቀን በኋላ ጋሼ ነው የምለው። የሰዎቹንም የመሥሪያ ቤቶቹንም ስም እዚህ አልጠራም። ጉዳዩን ግን እንዳየሁት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የተፈጥሮ ሀብት ወንጀል እንዴት እንደሚመረመርና እንዴት እንደሚበላሽ ከየትኛውም ሥልጠና በላይ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ሹፌሩ ወረቀት ነበረው። ከአንድ የአሳ አስጋሪዎች ማህበር የተጻፈ መሸኛ፣ ማህተሙ እውነተኛ፣ ፊርማውም እውነተኛ። «የአምባዛ ቋንጣ፣ 15 ኩንታል፣ ወደ መተማ» ይላል። መተማ ማለት ሱዳን ማለት ነው። እኛ ቋንጣ ስንል የበሬ ሥጋ ነው የሚታየን፤ ሱዳኖች ግን የደረቀ አሳ ይወዳሉ፣ ከጀይክ ይሉታል፣ ወቅጠው ወጥ ይሰሩበታል። ስለዚህ የጣና አሳ ደርቆ በመተማ መውጣቱ በራሱ አዲስ ነገር አይደለም፣ ሥራ ነው። ማዳበሪያዎቹን ሚዛን ላይ ስናወጣቸው ግን 21 ኩንታል ሆኑ። አንደኛው ውሸት ይሄ ነው።

ሁለተኛውን ለማየት አንዱን ማዳበሪያ ፈታሁ። አሳው በጀርባው ተሰንጥቆ፣ ተዘርግቶ፣ እንደ እንጨት ደርቋል። ጭንቅላት የለውም። ሁሉም ጭንቅላት የለውም። ብልህ ሰው ነው የቆረጠው፣ ምክንያቱም የአሳን ዓይነት ከአፉና ከጉሮሮው መለየት ነው የሚቀለው። ግን አምባዛ ቅርፊት የለውም። ቆዳው ልሙጥ ነው፣ እንደ እርጥብ ሳሙና። እዚህ ማዳበሪያ ውስጥ እጄን ከትቼ ሳወጣ ክንዴ ሁሉ በቅርፊት ተለብጧል።

ይህን ስናገር ከማህበሩ የመጣው ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ወዲያው፣ «የጽሕፈት ስህተት ነው፣ ቆሮሶ ለማለት ነው» አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ለጊዜውም ቢሆን ያረፈው እዚህች ነገር ላይ ነው። አሳ በጎኑ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አለችው፣ ቅርፊቱን እየበሳች የምትሄድ፣ በሷ የውሃውን ንዝረት ይሰማል። ቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚባለው፣ ላይ ይቺ መስመር መንገድ ላይ ትቋረጥና ዝቅ ብላ እንደገና ትጀምራለች። ነጭ አሳ ላይ ግን ሳትቋረጥ እስከ ጭራ ትደርሳለች። ደርቆም ቢሆን ትታያለች። ለሳጅኑ አንዱን አሳ ሰጠሁትና «ጋሼ፣ በእስኪብርቶህ ተከተላት» አልኩት። መነጽሩን አውርዶ አይኑን አስጠግቶ ተከተላት። ጭራው ጋ ደረሰ። ሌላ አነሳ። ጭራው ጋ ደረሰ። አምስተኛው ላይ እስኪብርቶውን ኪሱ ከተተና ጠባቂውን ቀና ብሎ አየው። «ይሄ ጽሕፈት አይደለም» አለው። በዚያ ላይ የቆሮሶ የጀርባ ክንፍ ከፊት ለፊቱ እሾህ በእሾህ ነው፤ የነዚህኞቹ አንድ ጠንካራ አጥንት ብቻ ነው ያለው። ነጭ አሳ ነው። ሁለት ማዳበሪያ ብቻ እውነተኛ አምባዛ ተገኘ፣ እሱም ከላይ የተቀመጠው።

እሺ፣ ነጭ አሳ ነው። ታዲያ ነጭ አሳ መሸጥ ወንጀል ነው እንዴ? አይደለም። ብዙ እንዲህ ያሉ መዝገቦች የሚሞቱት እዚህ ነው። የፌዴራሉ የአሳ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው፣ ክልሉም የራሱ አለው። በመርዝና በፈንጂ ማስገር ክልክል ነው፣ ያለ ፈቃድ ለገበያ ማስገር ክልክል ነው፣ መረቡና ወቅቱ በመመሪያ ይገደባል። ይህ ሁሉ ግን የሚፈጸመው ውሃው ላይ ነው። አንዴ ደርቆ ማዳበሪያ ውስጥ ከገባ በኋላ አሳው በየት፣ በመቼ፣ በምን እንደተያዘ አይናገርም። ወይም እንደማይናገር ነው ሁሉም የሚያስበው።

የጣናን ነጭ አሳ የማያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ጫጫታ ለምን ሊል ይችላል። ጣና በአማካይ ስምንት ሜትር ያህል ነው ጥልቀቱ፣ ሰፊ ግን ጥልቅ ያልሆነ ሐይቅ ነው፤ ከታች ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስላለ የታችኛው አሳ ወደ ላይ አይወጣም። ተዘግቶ የኖረ ቤት ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ነጭ አሳ ተለያይቶ ተለያይቶ ቢያንስ 15 ዝርያ ሆኗል፣ አብዛኞቹም በዓለም ሌላ ቦታ የሉም። ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት። ክረምት ሲገባ፣ በተለይ ነሐሴና መስከረም፣ ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ድርማ ይወጣሉ፣ ጠጠር ያለበት ንጹሕ ወራጅ ውሃ ፍለጋ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው አሳ እያጠመደ አይደለም፣ የሚቀጥለውን ዓመት እያጨደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 ተመራማሪዎች የወሰዱት ናሙና ሲነጻጸር በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ ነጭ አሳው በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሶ ነበር የተገኘው። መገጭ ደግሞ በአዘዞ አጠገብ ነው የሚያልፈው። ኢሱዙው ሲያዝ ከቆመበት ቦታ ብዙም ሳይርቅ አሳ ሽቅብ እየዋኘ ነበር ማለት ነው። የሚገርመው ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበው በዚያው ዓመት ሰኔ ነው። ሁለት ወር አልፎታል።

ወደ ማዳበሪያው ልመለስ። ሆዳቸው ውስጥ፣ ከጎድን አጥንቱ ጋር ተጣብቆ፣ ቢጫ ደረቅ ነገር አገኘሁ። እንቁላል ነው። ያራገፉት ቸኩለው ነው፣ ሁሉም አልወጣም። እንቁላሉ ያልተጣለ ከሆነ አሳው የተያዘው ከመራባቱ በፊት ነው፣ ክረምቱ ላይ ነው፣ ባለፈው ጥር የተጠራቀመ ቋንጣ ነው የሚለው ወሬ አይሰራም። ደግሞ ብዙዎቹ ላይ ጭንቅላቱ ከተቆረጠበት ትንሽ ወደ ኋላ ዙሪያውን የጠበቀ ጭረት ነበር፣ ክር የሰረሰረው። ወፍራም የጥጥ ወይም የናይሎን መረብ እንዲህ አይቆርጥም፤ አንድ ነጠላ ፕላስቲክ ክር፣ ሞኖፊላመንት የሚባለው፣ እሱ ነው የሚቆርጠው። አስጋሪው የፕላስቲክ መረብ ነው የሚለው። ውሃ ውስጥ አይታይም፣ ርካሽ ነው፣ አንድ ወቅት ሰርቶ ይበጣጠሳል፣ ይጣላል፣ ግን አይበሰብስም። ታች ተቀምጦ ባለቤት ሳይኖረው አሳ መያዙን ይቀጥላል።

እኔ ይህን ሁሉ ስጽፍ ጉዳዩን የፈታሁት መስሎኝ ነበር። ሳጅኑ ሪፖርቴን አነበበና «ጥሩ ነው፣ አሁን ሂሳብ እንስራ» አለ።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። አሳ አብዛኛው ውሃ ነው። አንድ ኪሎ ቋንጣ ለማግኘት ሆድ ዕቃውና ጭንቅላቱ ወጥቶ ቢያንስ አራት ኪሎ እርጥብ አሳ ያስፈልጋል። 21 ኩንታል ቋንጣ ማለት ከ80 ኩንታል በላይ እርጥብ አሳ ማለት ነው። የማህበሩን መዝገብ አስመጣ፣ የሐምሌና የነሐሴ ገቢ ሲደመር 30 ኩንታል አይሞላም፣ እሱም ግማሹ ጎንደር ከተማ ለምግብ ቤቶች በእርጥቡ የተሸጠ ቆሮሶ ነው። ከዚያ የመሸኛውን ጥራዝ አገላበጠ። የተወሰኑ ቅጠሎች በቁጥራቸው የሉም፣ ጉርድም አልቀረላቸውም። ጠባቂው ማህተም የተመታበት ባዶ መሸኛ ይሸጥ ነበር። በስንት እንደሚሸጥም በመጨረሻ ተናገረ፤ ሳስበው አሁንም ያስቀኛል፣ አንድ ሙሉ የመኪና ጭነት ሕጋዊ የሚሆነው በሁለት ጥሩ ዶሮ ዋጋ ነበር።

ያን ሰሞን ቅዳሜ ደንቢያ ወረድን። በቆላ ድባ አድርገን ወደ ጯሂት። የደንቢያን መረሬ በክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መኪናው ተተከለ፣ እኛም በተዋስነው ቦቲ የቀረውን በእግራችን ገባን። ሐይቁ ዳር ደንገሉ ውስጥ አሳው የሚደርቅበት ቦታ አለ፣ ጭራሮ አልጋ የመሰለ መስሪያ፣ ስሩ መሬቱ በቅርፊት ያብረቀርቃል። የሚሰነጥቁት ሴቶች ናቸው። ፖሊስ ሲያዩ ቢላዋቸውን ነጠላቸው ስር ከተቱ። ሳጅኑ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ዝናቡ ዘንድሮ ስለመዘግየቱ አወርቶ፣ ምንም ሳይጠይቅ አለፈ። እኔ ደግሞ ለምን አልጠየቅናቸውም ብዬ ተናድጃለሁ፤ ልጅ ነበርኩ።

አንድ ሽማግሌ ታንኳቸውን ገልብጠው ደንገሉን እያጠበቁ ነበር። ሳጅኑ አጠገባቸው ቁጭ አለ። «አባቴ፣ መረቡን ያሳዩኝ፣ አልወስድብዎትም» አላቸው። ትንሽ ካመነቱ በኋላ ከጎጆ አወጡት። ፕላስቲክ ነው። አይኑን እንዴት እንደሚለኩት አሳዩን፣ በጣት ነው፣ ሦስት ጣታቸውን አጋጥመው ከተቱ፣ አለፈ። ድሮ እኛ ጋ በሞተር ጀልባ ማስገር ሲጀመር የነበሩት መረቦች ተወጥረው ሲለኩ 10 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ነበሩ፤ ሦስት ጣት ማለት እዚያው አካባቢ ነው። እንግዲህ ክፉ አይደለም ብዬ ልናገር ስል ሽማግሌው ቀጠሉ።

«መረቡን የሚሰጠኝ እሱ ነው። አሳውን ለሌላ ሰው ብሸጥ መረቡን ይነጥቀኛል። አምና እናንተ ቢሮዎች መጥታችሁ አቃጠላችሁት። ዋጋው እኔ ላይ ተጻፈ። ሌላ ሰጠኝ። አሁን የሁለት መረብ ባለ ዕዳ ነኝ፣ የፊተኛውን ዕዳ ቀን አስግሬ ብከፍል ለኋለኛው ሌሊት አልተኛም። ላይ ወንዝ ውስጥ አሳ የሚያደነዝዘውን ብርብራ ወቅጠው የሚጨምሩት ወጣቶችም እንደኔው ዕዳ ስላለባቸው ነው።»

አምና ያ መረብ ሲቃጠል ነበርኩ። እንዲያውም ከእሳቱ ጎን ቆሜ የተነሳሁት ፎቶ ነበረኝ፣ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ። ያን ቀን ጥሩ ሥራ የሠራን መስሎን ምሳ ተገባበዝን። ያቃጠልነው የነጋዴውን ዕቃ ሳይሆን የሽማግሌውን ሌሊት ነበር።

«እሱ ማነው?» አልኳቸው። ወደ ሐይቁ ዞሩ። ሳጅኑ በክርኑ ጎሰመኝና ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፣ «መረቡ በምን ይመጣል?»

«ቋንጣውን የሚወስደው መኪና ባዶውን አይመለስም» አሉ።

በእኔ እምነት ጉዳዩ በሙሉ እዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። አሳው ወደ ሱዳን ይወጣል፣ በዚያው መኪና መረብ ይገባል፣ መረቡ በዱቤ ይታደላል፣ ዱቤው በአሳ ይከፈላል። አንድ ሰው ነው ሁለቱንም የያዘው። መረቡ ቀረጥ ያልተከፈለበት ስለሆነ ኮንትሮባንድ ነው፣ ኮንትሮባንድ ደግሞ በጉምሩክ አዋጅ 859/2006 ዓመታት የሚያሳስር ነገር ነው፣ እንደ አሳው መዝገብ ገንዘብ ከፍለህ የምትወጣበት አይደለም። ሳጅኑ መንገድ ላይ ጭቃውን እየረገጠ ዕቅዱን ነገረኝ። መኪናው በዋስ ይለቀቅ፣ ይሂድ፣ ሲመለስ ይጠበቅ። ከዚያ በፊት ማንም ምንም አይናገር።

አልሆነም። እኛ ስንመለስ ከላይ ትዕዛዝ ወርዷል፣ ዜና ያስፈልጋል፣ መዝገቡ ቶሎ ይዘጋ። ኤግዚቢቱ ደግሞ የሚበላሽ ዕቃ ስለሆነ በሐራጅ ይሸጥ ተባለ። ሕጉ ይፈቅዳል፣ ችግር የለውም። ሐራጁ ሐሙስ ጠዋት ወጣ፣ ተጫራች ሦስት ሰው ነው፣ ያሸነፈው ደግሞ አንድ ወጣት ነው፣ ገንዘቡን ከፌስታል አውጥቶ ቆጠረ። በሳምንቱ ከማን ጋር እንደሚሠራ ሰማን። እንግዲህ እዩት፦ 42 ማዳበሪያው ተመልሶ ወደዚያው ሰው እጅ ገባ፣ አሁን ግን የመንግሥት ደረሰኝ አለው፣ ስለዚህ መተማ ድረስ ማንም አያስቆመውም። ሐሰተኛውን መሸኛ በእውነተኛ ደረሰኝ ለወጥንለት። እኔ ናሙና ብዬ ያስቀረኋቸው አሥር አሳዎች ብቻ ቀሩ፣ በጋዜጣ ተጠቅልለው፣ እያንዳንዳቸው ላይ የመኪናውን ታርጋ ጽፌባቸው።

ፍርድ ቤት የቀረቡት ሹፌሩና ግምጃ ቤት ጠባቂው ናቸው። እኔ በባለሙያ ምስክርነት ቆምኩ። ስለ መስመሯ ተናገርኩ፣ ስለ እንቁላሉ ተናገርኩ፣ ዳኛዋ በጥሞና ሰማችኝ፣ አንዱን አሳ ተቀብላ አገላበጠችው። የተከሳሽ ጠበቃ ተነሳና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «መኪናው ላይ መረብ አይተሃል?» አላየሁም አልኩ። «ጨርሻለሁ ክብርት ዳኛ።» ሁለቱም የገንዘብ ቅጣት ተወሰነባቸው። የሹፌሩ ቅጣት በዚያው ቀን ከምሳ በፊት ተከፈለ። ሹፌሩ ራሱ ውጭ ሲጋራ እያጨሰ፣ ማን እንደከፈለለት እኔም አላውቅም አለኝ፣ ሳቀም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ኅዳር 2008 ላይ ለሌላ ጉዳይ አንድ ሌላ መሥሪያ ቤት ሄድኩ፣ ጎንደር ውስጥ ነው። የኤግዚቢት ክፍሉ በር ክፍት ነበር። በሩ ጋ በሰማያዊ ላስቲክ የታሰረ ጥቅል ተደርድሯል፣ ላስቲኩ በተቀደደበት በኩል ነጭ ክር ወጥቷል። ጎንበስ ብዬ ነካሁት። የፕላስቲክ መረብ። ከላይ በተንጠለጠለችው ካርቶን ላይ የመዝገብ ቁጥር፣ ከስሩ ታርጋ ተጽፏል። ያንን ታርጋ አሥር ጊዜ በእጄ ጽፌዋለሁ።

ከመተማ ሲመለስ ነው የተያዘው። ሳጅኑ እንዳለው። ሹፌሩ ሌላ ሰው ነው፣ መኪናው ያው ነው። የኮንትሮባንድ መዝገብ ተከፍቶበታል፣ ሹፌሩ ታስሯል፣ ስለ አሳ አንድም ቃል የለበትም። የእኛ መዝገብ ውስጥ ደግሞ ስለ መረብ አንድም ቃል የለም። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በእግር አሥር ደቂቃ አይራራቁም።

ሮጬ ለሳጅኑ ነገርኩት። እሱ ያን ዕለት የሰራውን እኔ በሦስት ወር ውስጥ አላሰብኩትም፦ መንገድ ትራንስፖርት ሄዶ ሊብሬውን አስወጣ። ባለቤቷ አንዲት ሴት ናት፤ ስሟን ሲጠይቁ ሲጠያየቁ የነጋዴው የቅርብ ዘመድ ሆና ተገኘች። ግማሽ ቀን ነው የፈጀው። ነሐሴ ላይ በመጀመሪያው ጠዋት ብናደርገው ኖሮ እኔ የአሳ ጎን ላይ መስመር ከምቆጥር ይልቅ የመኪናውን ምልልስ እንቆጥር ነበር። ሳጅኑም ይህን ያውቃል፤ «እኔም አንተም አሳውን አይተን መኪናውን ረሳነው» አለ፣ ወቀሳውን ለሁለት አካፍሎ። ቸርነቱ ነው እንጂ ሊብሬ የመጠየቅ ሥራ የእሱ ነበር።

ሁለቱ መዝገቦች ተጣምረው እንዲታዩ ማመልከቻ ጻፍን። የመጀመሪያው ውሳኔ ያገኘ ስለሆነ አይመለከተንም የሚል መልስ መጣ፣ በአንድ መስመር። ሁለተኛው መዝገብ ላይ ሹፌሩ ተፈረደበት። ያን መረብ ማን እንዳዘዘው ተጠይቆ፣ ገበያ ላይ ከማላውቀው ሰው ገዛሁ ብሏል። መረቡ ተቃጠለ። ፎቶ ተነሳ። እኔ አልሄድኩም።

ሳጅኑ በዓመቱ ጡረታ ወጣ። ለሽማግሌው ያኔ ስልኬን ሰጥቻቸው ነበር፣ ደውለው አያውቁም። በሚቀጥለው ክረምት ግን አንድ ማለዳ በልጃቸው ስልክ ደወሉ። ሰላምታው ረዘመ፣ ስለ ከብት፣ ስለ እምቦጩ፣ ታንኳ ማውጫ እንዳጣ። ከዚያ ለምን እንደደወሉ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ዘንድሮ ያመጣልን መረብ ሌላ ነው» አሉ። «ሞከርኩት። ሁለት ጣቴ ብቻ ነው የሚያልፈው።»